ቪአር ንድፍ ማስተማር ይችላል? የትኛውን ንድፍ?

ፊቱ ላይ ጥቁር የቪአር (ቨርቹዋል ሪያሊቲ) መነጽር ያጠለቀ ሰው ባዶ ክፍል መሃል ቆሞ እጁን አየር ላይ ያወናጭፋል። ጎኑ ባለው ስክሪን ላይ ቀለም ይፈሳል። ቀለሙ ዛፍ ይሆናል፤ ፈረስ ይሆናል። ከዚያ ሠዓሊው በገዛ ሥዕሉ መሃል ሰንጥቆ ያልፋል። እንዲህ ያለ ቪዲዮ ያላየ የሥነ ጥበብ ወይም የሥነ ሕንፃ ተማሪ ዛሬ ጥቂት ነው። እውነትም እጅ በአፍ ያስጭናል።

ችግሩ ከቪዲዮው ቀጥሎ የሚመጣው ወሬ ነው። አንዱ «እርሳስና ወረቀት አበቃላቸው» ይላል። ሌላው «የልጅ ጨዋታ ነው» ብሎ ያጣጥለዋል። መሃል ላይ ያለው የትምህርት ክፍል ኃላፊ ደግሞ ይግዛ ወይስ ይተው ግራ ይገባዋል። የመነጽሮቹ ዋጋ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ስለወረደ ጥያቄው የሀብታም ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

ሁለቱም ወገኖች አንድ ነገር ይዘላሉ። ንድፍ፣ ተማሪዎች ድሮዊንግ የሚሉት፣ አንድ ችሎታ ብቻ አይደለም። በውስጡ ማየት አለ፤ መለካት አለ፤ እጅን መግራት አለ፤ ገና ያልተሠራን ነገር በሐሳብ ማቆም አለ። ቪአር ከእነዚህ አንዳንዶቹን በደንብ ያግዛል። አንዳንዶቹን አይነካቸውም። አንዱን፣ ያውም መሠረታዊውን፣ ጭራሽ ከተማሪው ላይ ይወስድበታል። ክርክሩ መልክ የሚይዘው ይህ ሲለይ ነው። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ከታች ያሉት ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

## መሣሪያው ምን ያደርጋል?

ቨርቹዋል ሪያሊቲ፣ ባጭሩ ቪአር፣ ተጠቃሚውን በኮምፒውተር የተሠራ ቦታ ውስጥ ያለ እንዲመስለው የሚያደርግ ቴክኖሎጂ ነው። መነጽሩ ለእያንዳንዱ ዓይን ትንሽ የተለያየ ምስል ያሳያል። አእምሮ ሁለቱን ያዋህድና ጥልቀት ያያል። ራስ ሲዞር ምስሉም አብሮ ይዞራል። አንድ እርምጃ ወደፊት ሲኬድ ፊት ለፊት ያለው ዕቃ ይቀርባል። እጅ ላይ የሚያዙት መቆጣጠሪያዎች የት እንዳሉም መሣሪያው ያለማቋረጥ ይለካል። ቁልፉን ተጭኖ እጅን ማንቀሳቀስ መስመር ያወጣል። መስመሩ ታዲያ ምንም ላይ አያርፍም። አየር ላይ ቆሞ ይቀራል። በዙሪያው መዞር፣ በሥሩ ማጎንበስ ይቻላል።

ሐሳቡ የትናንት አይደለም። አሜሪካዊው አይቫን ሰዘርላንድ በ1963 ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለዶክትሬቱ ስኬችፓድ የሚባል ፕሮግራም ሠራ። በብርሃን ብዕር ስክሪን ላይ መስመር ማስመር ያስቻለ፣ የዛሬዎቹ የሕንፃና የማሽን መንደፊያ ሶፍትዌሮች አያት የሆነ ፕሮግራም ነው። ይኸው ሰው በ1968 ራስ ላይ የሚጠለቅ ባለ ሦስት አውታር (ቁመት፣ ስፋትና ጥልቀት የሚያሳይ) ማሳያ ይዞ ብቅ አለ። መሣሪያው የሚሠራው ከጣሪያ ጋር ተያይዞ ነበር። በኮምፒውተር መንደፍና ቪአር ከአንድ ሰው እጅ የወጡ መሆናቸው ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ነገሩ ተራው ተማሪ ዘንድ መድረስ የጀመረው በ2016 ነው። በዚያ ዓመት ኦኩለስ ሪፍትና ኤችቲሲ ቫይቭ የሚባሉት መነጽሮች ለገበያ ቀረቡ። ከቫይቭ ጋር የጉግል ቲልት ብረሽ መጣ። አየር ላይ በብርሃን፣ በጭስ፣ በቀለም መሳል የሚያስችል መተግበሪያ ነው። ኩዊል የሚባለው ለአኒሜሽን የተመቸ ሆነ። ሚዲየም ጭቃ እንደ መጠፍጠፍ ያለ ሥራ ያሠራል። ለንደን ካለው ሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት በወጡ ሰዎች የተመሠረተው ግራቪቲ ስኬች የመኪና፣ የጫማና የዕቃ ዲዛይነሮችን ቀልብ ሳበ። ሁሉም «መሳያ» ቢባሉም ለአንድ ክፍል የሚሆነው ለሌላው አይሆንም። ግዢ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይህ ነው።

## የንድፍ ክፍል አንድ ዓይን በመጨፈን ይጀምራል

የመጀመሪያ ዓመት የንድፍ ክፍልን እናስብ። መሃል ላይ ጀበና፣ ማሰሮና የተጨማደደ ጨርቅ ተቀምጧል። ተማሪዎቹ ክንዳቸውን ቀጥ አድርገው ዘርግተዋል። እርሳሳቸውን አቁመው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። አውራ ጣት እርሳሱ ላይ ይንሸራተታል። የጀበናው አንገት ከሆዱ አንጻር ስንት ነው? እጀታው የሚነሳው ከመሃል በላይ ነው ወይስ በታች? ለክተው ወደ ወረቀቱ ይመለሳሉ። ደግመው ይለካሉ።

ለምን በአንድ ዓይን? ሁለት ዓይን ጥልቀት ያሳያል፤ ወረቀት ግን ጥልቀት የለውም። አንዱ ሲጨፈን ዓለም ጠፍጣፋ ትመስላለች። ያኔ ስፋትና ቁመት፣ የመስመር ዘመምታ፣ በዕቃዎች መካከል ያለው ባዶ ቦታ ሁሉ እንዳለ ወደ ወረቀት ሊሄድ ይችላል። የንድፍ ትምህርት ግማሽ ጣጣው እዚህ አለ። ተማሪው የሚያውቀውን ትቶ የሚያየውን እንዲያስቀምጥ ይገደዳል። የጀበናው አፍ ክብ እንደሆነ ያውቃል። ከተቀመጠበት ሲያየው ግን ሞላላ ነው። ጀማሪ ክቡን ይስላል፤ የተማረ ሞላላውን።

ፐርስፔክቲቭ የሚባለው፣ የራቀውን አሳንሶ ትይዩ መስመሮችን ወደ አንድ ነጥብ የሚሰበስበው የአሣሣል ሕግም የቆመው በዚሁ ላይ ነው። ፊሊፖ ብሩኔሌስኪ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፍሎረንስ ውስጥ ሕጉን ሲያሳይ ተመልካቹ ሥዕሉን የሚያየው በአንድ ዓይን፣ በቀዳዳ በኩል ነበር። ሊዮን ባቲስታ አልበርቲ በ1435 በጽሑፍ ሲያስቀምጠውም መነሻው ካለበት የማይነቃነቅ አንድ ዓይን ነው።

ቪአር የዚህ ሁሉ ግልባጭ ነው። ሁለት ዓይን ይፈልጋል። ሰውየው ይንቀሳቀሳል። ጠፍጣፋ ነገር የለም። ተማሪው ኪዩብ ሲሠራ የኋላው ጠርዝ ምን ያህል ይጠር ብሎ አይጨነቅም። አሥራ ሁለቱንም ጠርዞች እኩል ያሰምራል፤ ማጠሩንና መርዘሙን ማሽኑ ይጨርሰዋል። ሥራው ሽቦ እያጠፉ ቅርጽ ከማውጣት ጋር ይቀራረባል። ሽቦ የሚያጥፍ ሰው ጥበበኛ ነው፤ ግን ሦስቱን አውታር ወደ ሁለት የማውረድ ፈተና አልገጠመውም።

ለዲዛይነር ይህ ትልቅ በረከት ነው። ንድፍ ሊማር ለመጣው ግን የተወሰደበት ነገር ራሱ ትምህርቱ ነው።

ከቪአር ወገን ያሉ መምህራን ለዚህ መልስ አላቸው። ፐርስፔክቲቭ ወረቀት ጠፍጣፋ ስለሆነ የመጣ መፍትሔ ነው ይላሉ። ወረቀቱ ከሌለ መፍትሔውን ለምን እናስተምር? ክርክሩ ውሃ ያነሳል። ፐርስፔክቲቭ የሥዕል ሁሉ መጀመሪያና መጨረሻ አይደለም። የእኛ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ለዘመናት ያለዚህ ሕግ ኖሯል፤ ከማንም አያንስም። ዕድሜውን ሙሉ በባለ ሦስት አውታር ሶፍትዌር የሚሠራ ዲዛይነርም ሞላላውን በእጁ አጣርቶ ባይስል እንጀራው አይቋረጥም።

ሆኖም ክርክሩ የሚደርስበት ወሰን አለ። ሥዕሉን የሚያየው ሰው አብዛኛውን ጊዜ መነጽር የለውም። በስልክ፣ በግድግዳ፣ በገጽ፣ በፊልም መጋረጃ ላይ ነው የሚያየው። እነዚህ ሁሉ ጠፍጣፋ ናቸው። ደግሞም የሚያዩትን መርጦ ማስቀረት፣ ከሺህ ዝርዝር አሥሩን ብቻ ማስቀመጥ፣ የሚለመደው ፊት ለፊት ካለ እውነተኛ ነገር ጋር ሲታገሉ ነው። የተዘጋ የቪአር መነጽር ሲጠልቅ ጀበናውም፣ ጨርቁም፣ ሞዴል ሆኖ የተቀመጠው ሰውም ይጠፋሉ። አዳዲሶቹ መነጽሮች በካሜራ ውጭውን ያሳያሉ፤ ነገር ግን በካሜራ ያለፈ ምስል በዓይን የሚታየውን ያህል አይጠራም። የከንፈር ጥግ ላይ ያለችውን ጥላ ፍለጋ ለተቀመጠ ተማሪ ልዩነቱ ትንሽ አይደለም።

## እጅ የሚያርፍበት ሲያጣ

ሁለተኛው ጉዳይ እጅ ነው። እርሳስ ወረቀት ሲነካ ወረቀቱ ይመልሳል። ትንሽ ይይዛል፤ ትንሽ ይፍቃል። ከሰል ሲሆን ድምፁም ይሰማል። እጅ ይህን መልስ እየሰማ ራሱን ያርማል። አየር ላይ መልስ የለም።

የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲና የመንደፊያ ሶፍትዌር ሠሪው የአውቶዴስክ ተመራማሪዎች በ2017 ባወጡት ጥናት ይህን ለክተዋል። ሰዎች በተለመደው መንገድ፣ በቪአር ውስጥ እውነተኛ ገጽ ላይ፣ እንዲሁም በቪአር ውስጥ ባዶ አየር ላይ እንዲያሰምሩ አደረጉ። በቪአር ለሚታየው የመስመር ስህተት ዋናው ምክንያት የሚዳሰስ ገጽ አለመኖሩ ሆኖ ተገኘ። ሌላ ትኩረት የሚስብ ነገርም አገኙ። ተጠቃሚው የሚከተለው መሪ መስመር ሲታይለት እጁ ወደ ልኩ ይጠጋል፤ የመስመሩ ውበት ግን ሊበላሽ ይችላል። ለንድፍ መምህር ይህ እንግዳ አይደለም። በማስመሪያ የሚሠራ ተማሪም መስመሩ ቀጥ ይላል፤ ሕይወት ግን ያጣል።

ስህተቱ ጎልቶ የሚታየው ወደ ጥልቀት በሚሄደው አቅጣጫ ነው። ኪዩቡ ከፊት ሲታይ ልክ ነው። ተማሪው ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ሄዶ ሲያየው ግን ተገናኝተዋል ያላቸው ጠርዞች አልተገናኙም። አንዱ ከሌላው ወደ ኋላ ቀርቷል፤ ኪዩቡ ተንሻፏል። ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ በመሣሪያው ይናደዳል። መሣሪያው ግን በትክክል ነው ያስቀመጠው። ቪአር ውስጥ ርቀት መገመት ለሰው ይከብዳል፤ የሚመራው ገጽ የሌለው እጅ ደግሞ ይባስ ይስታል።

ይህን ለመፍታት የተሞከረው ብዙ ነው። አሜሪካ በሚገኘው ብራውን ዩኒቨርሲቲ ዳንኤል ኪፍ፣ ዴቪድ ሌይድሎና ባልደረቦቻቸው በ2001 ግድግዳዎቹ ምስል በሚያሳዩ ክፍል ውስጥ ቆሞ በአየር ላይ መሳልን አቅርበዋል። ኪፍና ሌይድሎ በኋላ ደግሞ እጅን በስሱ በሚገፋ ክንድ እያገዙ መስመሩን የሚያጠሩበት ዘዴ ይዘው መጡ። ዩኒቨርሲቲው ከጎረቤቱ ሮድ አይላንድ ስኩል ኦፍ ዲዛይን ጋር፣ ሠዓሊና ኮምፒውተር አዋቂ አብረው የሚያስተምሩበት የቪአር ዲዛይን ኮርስም ነበረው። ከዚህ ትብብር የሚወሰደው ነገር፣ ቪአርን ለብቻው ያስቀመጠው አለመኖሩ ነው። የንድፍ መምህሩ ክፍል ውስጥ ነበር።

ገበያውም ገብቶታል። ሎጂቴክ በ2024 ለሜታ ኩዌስት መነጽሮች ግፊት የሚለይ ብዕር አወጣ። አየር ላይም፣ እውነተኛ ጠረጴዛ ላይም ይሠራል። አሥር ዓመት ያህል «ከወረቀት ነፃ ወጣን» ሲባል ቆይቶ ጠረጴዛው ተመልሶ መምጣቱ ፈገግ ያሰኛል።

እጅን በተመለከተ ለቪአር የሚያደላ ነጥብም አለ። የንድፍ መምህር ሲመክር የሚውለው «ከጣትህ አትሣል፣ ከትከሻህ ሣል» እያለ ነው። ጀማሪ ወረቀቱ ላይ ተደፍቶ በጣቱ ይጭራል። ቪአር መላ አካልን ያስነሳል፤ ረጅምና ደፋር መስመር ከትከሻ ይወጣል። ለማሟሟቂያ መልመጃ ይህ ጥሩ ነው። ክንድ ቶሎ ስለሚዝል ግን የሦስት ሰዓት ስቱዲዮ አይሆንም።

## ታዲያ የት ይሠራል?

ጥቅሙ በግልጽ የሚታየው መጠን ባለበት ቦታ ነው። ወንበር የሚነድፍ ተማሪ ወረቀት ላይ ያማረ ወንበር ይሠራል። በቪአር ያንኑ ወንበር በእውነተኛ መጠኑ አየር ላይ ሲያቆመው መቀመጫው ከጉልበቱ በላይ እንደሆነ ያያል። መደገፊያው ማጅራቱ ላይ ይደርሳል። መምህሩ ምንም ሳይናገር ተማሪው ራሱ ይስቃል። የሥነ ሕንፃ ተማሪም እንዲሁ ነው። ፕላን ላይ ሰፊ የመሰለው ኮሪደር ውስጥ ሲገባ ትከሻው ግድግዳ ይነካል። ይህን በወረቀት ለማስረዳት ብዙ ቃል ያስፈልጋል። የመኪና አምራቹ ፎርድም በ2019 ግራቪቲ ስኬችን ይዞ ዲዛይነሮቹ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ በሦስት አውታር እንዲያስቡ መሞከሩን ይፋ አድርጎ ነበር። ለቅርፃ ቅርፅ ተማሪም ጥቅሙ ይኸው ስለሆነ አናስረዝመው።

ሁለተኛው ጥቅም ብዙም አይወራለትም፤ ለእኔ ግን ከሁሉም ይበልጣል። ቲልት ብረሽና መሰሎቹ ሥዕሉን የሚያስቀምጡት መስመር በመስመር ነው። ፋይሉ ሲከፈት ሥዕሉ እንደተሠራበት ቅደም ተከተል ደግሞ ሊወጣ ይችላል። መምህሩ የተጠናቀቀውን ፊት ብቻ አያይም። ተማሪው ከራስ ቅሉ ጠቅላላ ቅርጽ ነው የጀመረው ወይስ ከሽፋሽፍት? ምጣኔው የተበላሸው የትኛው መስመር ላይ ነው? ወረቀት ላይ ይህ ሁሉ ከላይ በተደረበው ይሸፈናል። ሠላሳ ተማሪ የያዘ መምህር እያንዳንዱ ጀርባ ቆሞ ማየት አይችልም።

ሦስተኛው፣ ቪአርን ከመሳያነት ይልቅ ለማሳያነት መጠቀም ነው። ተማሪዎች ፐርስፔክቲቭን የሚሸመድዱት ሕግ አድርገው ነው፤ ለምን እንደሚሠራ ሳይገባቸው። በቪአር አንድ አደባባይ ሠርቶ መሃሉ ላይ ምናባዊ መስታወት ማቆም ይቻላል። ተማሪው ቆሞ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ መስታወቱ ላይ የሕንፃዎቹን ጠርዝ ይከተላል። ከዚያ ይንበረከካል። አድማሱ አብሮት ይወርዳል፤ መስመሮቹ የሚሰበሰቡበት ነጥብ ይለወጣል። አሥር ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ወደ ወረቀቱ ይመለስ።

ከታዋቂዎቹ የቪአር ሠዓሊዎች አንዱ ግሌን ኪን ነው። በ2015 በቲልት ብረሽ ሲስል የሚያሳየው ቪዲዮ ብዙ ተወርቶለታል። የማይወራው፣ ሰውየው ከዚያ በፊት ዲዝኒ ውስጥ አራት አሥርት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በእርሳስ ሲስል የኖረ አኒሜተር መሆኑ ነው። ቪዲዮው የሚያሳየው ቪአር የሠለጠነ እጅን ምን እንደሚያደርግ ነው። እጅን ያሠለጥናል ወይ ለሚለው ማስረጃ አይሆንም።

## ተማሪው ደስ አለው ማለት ተማረ ማለት ነው?

ስለ ቪአርና ትምህርት የሚጻፉ ሪፖርቶች ብዙዎቹ የሚለኩት ተነሳሽነትን ነው። ተማሪዎች ወደዱት? አዎ። እንደገና መሞከር ይፈልጋሉ? አዎ። አዲስ ነገር ሲመጣ ይህ የሚጠበቅ ነው፤ አዲስነቱ ሲያልቅ ምን እንደሚቀር ግን የአንድ ቀን መጠይቅ አይናገርም።

ጊዶ ማክራንስኪ፣ ሪቻርድ ሜየርና ባልደረባቸው በ2019 ያወጡት ጥናት እዚህ ላይ ያስጠነቅቃል። ተማሪዎች አንዱን የሳይንስ ላብራቶሪ ልምምድ በተራ ስክሪንና በቪአር ሠሩት። በቪአር «እዚያው ያለሁ መሰለኝ» የሚለው ስሜት ጨመረ፤ የተማሩት ግን ቀነሰ። አእምሮ በትዕይንቱ ይጨናነቃል። ጥናቱ ስለ ሳይንስ ስለሆነ ለንድፍ እንዳለ መገልበጥ ልክ አይሆንም። ንድፍ የአካል ሥራ ነው፤ ውጤቱ ሌላ ሊሆን ይችላል። ግን ስሜትና ትምህርት አንድ መስመር ላይ እንደማይሄዱ ያሳያል።

ሌላው ማስረጃ ከምህንድስና ትምህርት ይመጣል። ሚሺጋን ቴክኖሎጂካል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሼሪል ሶርቢና ባልደረቦቿ ከ1993 ጀምሮ ዕቃን በአእምሮ ማዞር ለሚከብዳቸው አዲስ የምህንድስና ተማሪዎች ኮርስ ሰጥተዋል። ኮርሱን የወሰዱት ተማሪዎች በተከታዮቹ ኮርሶች የተሻለ ውጤት አሳዩ። በተለይ ሴት ተማሪዎች ከምህንድስና ሳይወጡ የመቀጠላቸው ነገር ተሻሻለ። መሣሪያው ምን ነበር? የሶፍትዌር ልምምድ ነበረበት። ከጎኑ ግን እየተገጣጠሙ ቅርጽ የሚሠራባቸው ትንንሽ ኪዩቦችና በእርሳስ የሚሠራ ንድፍ ነበሩ። «ባለ ሦስት አውታር ለማሰብ የግድ ቪአር ያስፈልጋል» የሚለው አባባል ይህን ታሪክ ይዘላል።

## ዓይን፣ ሆድና ፀጉር

መነጽሩ አካል ላይ የሚጠለቅ ነገር ነው። ሜታ ኩዌስት 3 ከ500 ግራም በላይ ይመዝናል፤ ክብደቱም ፊት ላይ ያርፋል። ዓይን ላይም ጫና አለ። ቅርብ ያለ ነገር ስናይ ሁለቱ ዓይኖች ወደ ውስጥ ይዞራሉ፤ ሌንሳቸውም ለቅርብ ይስተካከላል። በቪአር ዓይኖቹ ይዞራሉ፣ የስክሪኑ የትኩረት ርቀት ግን አንድ ቦታ ላይ ቋሚ ነው። ሁለቱ ሥራዎች ይጣላሉ። ችግሩ የሚብሰው ነገሩ ወደ ፊት ሲጠጋ ነው። ንድፍ ደግሞ የሚሠራው ክንድ በሚደርስበት ርቀት ነው።

ማቅለሽለሽም አለ። ኬይ ስታኒና ባልደረቦቿ በ2020 ባወጡት ጥናት፣ ሴቶች ላይ በርትቶ የሚታየው ማቅለሽለሽ በዋናነት መነጽሩ ከሁለቱ ዓይኖች ርቀት ጋር ካለመገጣጠሙ ይያያዛል። ኩዌስት 2 የሚስተካከለው በሦስት ደረጃ ብቻ ነበር፦ 58፣ 63 እና 68 ሚሊ ሜትር። ኩዌስት 3 ከ58 እስከ 71 ባለው መካከል እንደልብ ይስተካከላል። ርካሹን ለመግዛት የሚያስብ ክፍል ተማሪዎቹ እኩል እንደማይጠቀሙበት ማወቅ አለበት። የዓይን መነጽር ያለውም ይቸገራል። በራስ አናት ላይ የሚያልፈው ማሰሪያ ደግሞ ጎፈሬ ወይም የተጠቀለለ ሹሩባ ላይ በደንብ አይቀመጥም። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ መነጽሩ በተንሸራተተ ቁጥር ግን ምስሉ ይደበዝዛል።

## ሂሳቡ

ኩዌስት 2 በ2020 ሲወጣ ዋጋው ከ299 ዶላር ይጀምር ነበር። በ2023 የመጣው ኩዌስት 3 በ499፣ በ2024 የመጣው ኩዌስት 3ኤስ በ299 ዶላር ጀመሩ። የአፕል ቪዥን ፕሮ በ3,499 ዶላር ሲወጣ ይህ ለትምህርት ክፍል እንዳልተሠራ ግልጽ ነበር። 299 ዶላር እንደ ቴክኖሎጂ ርካሽ ነው። እኛ ጋ ሲመጣ ግን ሌላ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት ከመለወጡ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። የዶላር ዋጋው ሳይጨምር የብር ዋጋው ከእጥፍ ሊበልጥ ይችላል። ማጓጓዣና ቀረጥ ሳይታሰብ ነው ይህ።

ቦታም ይፈጃል። እየተንቀሳቀሱ ለመሥራት ለአንድ ሰው ቢያንስ 2 በ2 ሜትር ባዶ ወለል ያስፈልጋል። ለ30 ተማሪ 120 ካሬ ሜትር ማለት ነው። አሥር መነጽር ገዝቶ በተራ ማሠራት ይሻላል፤ ያኔ ደግሞ ቀሪዎቹ ሃያ ተማሪዎች ምን ይሥሩ የሚለው መታቀድ አለበት።

ከዋጋው የበለጠ የሚያሳስበው የሶፍትዌሩ ዕድሜ ነው። ጉግል በጥር 2021 ቲልት ብረሽን ማልማት አቆመ። ኮዱን ለሕዝብ ስለለቀቀው ኦፕን ብረሽ የሚባል ተተኪ መጣ፤ ጥሩ ዕድል ነው። ሥራዎች ይጋሩበት የነበረው የጉግል ፖሊ ግን በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ተዘጋ። ሚዲየም በ2019 ለአዶቤ ተሸጠ። ማይክሮሶፍት በ2024 ሆሎሌንስ 2 የሚባለውን የራሱን መነጽር ማምረት አቆመ። ሥርዓተ ትምህርት ተጽፎ እስኪጸድቅ ሁለት ሦስት ዓመት ይወስዳል። በአንድ ሶፍትዌር ስም የተጻፈ ኮርስ ሳይጀመር ሊያረጅ ይችላል።

እዚህ አገር ጥያቄው የሚነሳው ከሁሉ በፊት በሁለት ዓይነት ቤቶች ነው። አንዱ አለ ፈለገሰላም በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱት፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ዓይነት ነው። ሌላው ልደታ እንዳለው፣ ብዙዎች አሁንም ሕንፃ ኮሌጅ እያሉ እንደሚጠሩት ያለ የሥነ ሕንፃ ቤት ነው። ቅደም ተከተል ይኑር ከተባለ ቪአር መጀመሪያ መግባት ያለበት ሥነ ሕንፃ ላይ ይመስለኛል። መጠንን የማሳየት ጥቅሙ እዚያ አያከራክርም። ጥቂት መነጽሮችም ለብዙ ተማሪ ይበቃሉ፤ ገብቶ አይቶ መውጣት ነውና። ሥነ ጥበብ ክፍል ውስጥ ግን ከ2ኛ ወይም ከ3ኛ ዓመት በኋላ፣ በምርጫ ኮርስነት ቢሆን ይመረጣል። የመጀመሪያውን ዓመት የሞዴልና የጀበና ሰዓት ነክቶ መምጣት የለበትም። አዲሱን ቴክኖሎጂ የሚደግፉ ሰዎች «ወጣቱ ቀድሞ ስልክ ላይ ያደገ ነው፣ እርሳስ ያሰለቸዋል» ይላሉ። ሊሆን ይችላል። ስክሪን ላይ ማደጉ ግን ረጋ ብሎ አንድ ነገር የማየቱን ልምምድ ይበልጥ ያስፈልገዋል ማለትም ሊሆን ይችላል።

## ማርክ ላይ ሲደርስ

በንድፍ ክፍል የሴሚስተር መጨረሻ ሥራዎች ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ። ሠላሳውም ጎን ለጎን። መምህራኑ ያልፋሉ፤ ይመለሳሉ፤ ያወዳድራሉ። ተማሪውም የራሱን ከጓደኛው አጠገብ ሲያይ ማንም ሳይነግረው ብዙ ይማራል። በቪአር ሥራው ፋይል ነው። አምስት መምህራን በተራ መነጽር እያጠለቁ ሠላሳ ፋይል ማየት አለባቸው። ጎን ለጎን ማየት የለም። አንዱ ከፊት አይቶ ያደንቃል፤ ሌላው ከኋላ አይቶ ይነቅፋል።

ስለዚህ በተግባር የሚደረገው ተማሪው የሥራውን ምስል አንስቶ፣ አትሞ ማቅረቡ ነው። ምስል ሲያነሳ ግን ከየት ልቁም ብሎ መወሰን አለበት። ምን ይቆረጥ? ብርሃኑ ከየት ይምጣ? የትኛው ቅርጽ የትኛውን ይሸፍን? መነጽሩ ያስቀረለት ጣጣ ሁሉ በመጨረሻው ሳምንት፣ ሳይሠለጥንበት፣ በአንድ ጊዜ ይመጣበታል።

ለዚህ አንድ ቀላል የፈተና አሠራር አለ። ተማሪው በቪአር የሠራውን ቅርጽ ፋይል ያስረክብ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ፣ ስክሪን ሳያይ፣ ያንኑ ቅርጽ ከአንድ የተወሰነ አቅጣጫ በእርሳስ ወረቀት ላይ ይሣል። መምህሩ የወረቀቱን ሥራ ከዚያው አቅጣጫ ከተወሰደ የፋይሉ ምስል ጋር ያስተያያል። ቅርጹ ገብቶት እጁ ያልታዘዘለት ተማሪ አለ፤ እጁ ታዞለት ቅርጹ ያልገባውም አለ። ሁለቱ በአንድ ማርክ ሊዳኙ አይገባም። የሚያስፈልገው ተጨማሪ ዕቃ ወረቀትና አንድ ሰዓት ነው።